ቆሽትና የሲቢሲ ወረቀት

እንደምን አደራችሁ! የደብረ ብርሃን ጠዋት ጋቢ ያስደርባል፤ ስለዚህ ብዙ አላስቀምጣችሁም።

እኛ ሰው ሲያናድደን "ቆሽቴ አረረ" እንላለን። የቆሽት ካንሰር ግን መጀመሪያ ላይ እንዲህ አይጮኽም። ከጨጓራ ጀርባ ተሸሽጎ ያድጋል፤ ዓይን ቢጫ ሆኖ፣ ሰውየው ከስቶ፣ ጀርባውን ሲያመው ይታወቅና ብዙ ጊዜ ረፍዶ ይገኛል።

ዛሬ የማወራው ስለ ውድ ምርመራ አይደለም። ስለ ሲቢሲ ነው፤ ያቺ ደም ሰጥተን፣ የደም ሴሎቻችን ተቆጥረው የምንቀበላት ቁራጭ ወረቀት። እዚያ ላይ ሁለት የነጭ ደም ሴሎችን ፈልጉ። ኒውትሮፊል ኢንፌክሽንና ብግነት ሲኖር ይበዛል። ሊምፎሳይት ደግሞ ካንሰርን ጭምር ከሚዋጉት ወገን ነው። የመጀመሪያውን ለሁለተኛው አካፍሉ። በብዙ ጥናቶች፣ ሕክምና ሳይጀምሩ ይህ ቁጥር ከፍ ብሎ የተገኘባቸው የቆሽት ካንሰር ታማሚዎች በአማካይ ዝቅ ካለላቸው ያነሰ ጊዜ ነው የኖሩት። "ከፍ ያለ" የሚባለው ከስንት ጀምሮ ነው? እሱ ላይ አልተስማሙም። አንዱ 3 ይላል፣ ሌላው 5።

አሁን የራሴን ጥፋት ልናገር። ከመንዝ የመጡ አንድ አባት ነበሩ፤ ካንሰሩ ታውቋል። ወረቀታቸውን በፌስታል ጠቅልለው ከጋቢያቸው ሥር አወጡልኝ። ኒውትሮፊል 8400፣ ሊምፎሳይት 1400። ሲካፈል 6። "ይሄ ጥሩ አይደለም" ብዬ ለልጃቸው ሹክ አልኩት፤ ልጁ ክው አለ። ያተኩሳቸዋል ወይ ብዬ እንኳ አልጠየቅኩም! ለካ ዕጢው የሐሞት ቱቦውን ዘግቶት ኢንፌክሽን ገብቶበታል። ቱቦው ተከፍቶ፣ አንቲባዮቲክ ወስደው ትኩሳቱ ሲለቃቸው እንደገና ለካን፤ 3 ሆነ። ካንሰሩ ግን ያው ነው፣ አልቀነሰም። እና እኔ ምኑን ነበር ያነበብኩት?

እናንተ ወጣት ባለሙያዎች፣ ከማካፈላችሁ በፊት ጠይቁ። ትኩሳት አለ? ዴክሳሜታዞን ወይም ሌላ ስቴሮይድ ተወስዷል? እሱም ኒውትሮፊልን ከፍ ያደርጋል። እናንተ እናቶችና አባቶች ደግሞ፣ ይቺ ቁጥር ካንሰር አለባችሁ ወይም የለባችሁም አትልም፤ ቤት ገብታችሁ እያካፈላችሁ እንዳትደነግጡ። ወረቀቱን ግን አትጣሉት። የመንዙ አባት ሁለቱንም፣ የ6ቱንም የ3ቱንም፣ በዚያው ፌስታል ይዘው ነበር፤ ሐኪማቸው ሕክምናውን ሲያስብ ጎን ለጎን ዘርግቶ ያያቸው እነሱን ነው።

ሻዩ እየመጣ ነው። እስኪደርስ ጥያቄ ያለው እጁን ያውጣ።