ሸካራው ዕጢው ነው ወይስ ፒክሰሉ?

[ምስል፦ የፋሲል ግንብ ከላይ ሲታይ]

ጎንደር ያደገ ሰው ይህን ቅርጽ ያውቀዋል፦ አራት ማዕዘን ሕንፃ፣ በየማዕዘኑ ክብ ማማ። ምን ያህል ክብ እንደሆነ በቁጥር እንጠይቀው። ስፋቱን (የሸፈነውን ቦታ) በ4 ፓይ (ፓይ 3.14 ገደማ ነው) አባዝተን ለዙሪያው ስኩዌር እናካፍላለን። ፍጹም ክብ 1 ያመጣል፤ ካሬ 0.785። ማማዎቹ ሲጨመሩበት ዙሪያው ከስፋቱ በልጦ ስለሚያድግ ቁጥሩ ይወርዳል።

[ምስል፦ ሁለት የሳንባ ዕጢዎች፣ አንዱ ለስላሳ፣ አንዱ እሾሃማ]

በሲቲ ስካን በሚታይ ዕጢ ላይም የምንሠራው ይኸንኑ ነው። እሾሃማ ጠርዝ ሲያዩ ራዲዮሎጂስቶች ካንሰርን ይጠረጥራሉ፤ እኛ ያንን የዓይን ፍርድ በልኬት ማስቀመጥ እንፈልጋለን።

[ምስል፦ በካሬ ወረቀት ላይ የተሳለ ክብ፣ ጠርዙ ደረጃ ደረጃ]

ብዙ ጀማሪ የሚሰናከለው እዚህ ነው። ዙሪያውን የፒክሰሎቹን (ምስሉ የተሠራባቸውን ትናንሽ ካሬዎች) ጠርዝ በመቁጠር ከለካችሁት የክቡ ዙሪያ የሬዲየሱ 8 እጥፍ ይሆናል፤ እውነተኛው ግን 6.28 እጥፍ ነው። ስለዚህ ፍጹም ክብ 0.617 አካባቢ ያገኝና ከካሬ ያነሰ ክብ ሆኖ ቁጭ! ፒክሰሉን ማሳነስም አያድንም፤ ደረጃዎቹ ባነሱ ቁጥር ይበዛሉ፣ ድምሩ ያው ነው። መድኃኒቱ በፒክሰሎቹ መካከል የሚያልፍ ለስላሳ መስመር አውጥቶ እሱን መለካት ነው። ፕሮግራማችሁን መጀመሪያ በተሳለ ክብ ፈትኑት፤ ወደ 1 ካልተጠጋ የታማሚ ምስል አትንኩ።

የቁራጩ ውፍረትም አለ፤ ሲቲ ስካን አካሉን እንደ ዳቦ ቁራጭ በቁራጭ ያሳያልና። ፒክሰሉ 0.7 ሚሊሜትር ሆኖ ቁራጩ 5 ሚሊሜትር ከሆነ፣ የ10 ሚሊሜትር ዕጢ ሁለት ወይም ሦስት ቁራጭ ላይ ብቻ ይታያል። ሁሉንም ወደ 1 ሚሊሜትር ኩብ መቀየር ለማወዳደር ይመቻል፤ ማሽኑ ያላነሳውን ዝርዝር ግን አይወልድም።

[ምስል፦ በአንድ ዕጢ ላይ የተሰመሩ ሁለት ወሰኖች]

ወሰኑን ሁለት ባለሙያዎች አንዱ የሌላውን ሳያይ ያስምሩ። በእጅ ልዩነት ብቻ የሚዋዥቅ መለኪያ ከሰንጠረዡ ይውጣ።

የተለያዩ ዕጢዎችን ቅርጾች ለማመሳሰል የፕሮክረስተስ ዘዴ አንድ ማዕከል ላይ ያስቀምጣል፣ መጠናቸውን እኩል ያደርጋል፣ አዙሮ ያገጣጥማል። ይህ ለራስ ቅል ይሠራል፤ አፍንጫ ከአፍንጫ፣ መንጋጋ ከመንጋጋ ይገጥማልና። ዕጢ ግን አፍንጫ የለውም! ስለዚህ በጠርዙ ላይ በእኩል ርቀት ነጥብ አስቀምጦ መነሻውን ነጥብ እያዘዋወሩ የተሻለውን ግጥጥም መፈለግ ግድ ነው። መጠኑን ግን ለብቻው መዝግቡት፤ ትልቅነቱ ራሱ መረጃ ነው።

[ምስል፦ የታማሚዎች ሰንጠረዥ]

40 ታማሚ፣ ከእያንዳንዱ 30 ቁራጭ ማለት 1200 ዕጢ ማለት አይደለም፤ 40 ነው። ምስሎቹን ለፕሮግራሙ ማሠልጠኛና መፈተኛ ስትከፍሉ በታማሚ ክፈሉ። የአንዱ ሰው ቁራጮች በሁለቱም ወገን ከገቡ ፕሮግራሙ በሽታውን ሳይሆን ሰውየውን ይለያል፣ ውጤቱም ያለ አግባብ ያምራል።