ግጥሙ የማን ነው? ስለ ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ የተደረገ ንግግር

የተከበራችሁ የግጥምና የዜማ ደራስያን፣ ክቡራንና ክቡራት እንግዶቻችን፤

አዘጋጆቹ የነጋድራስ ተሰማ እሸቴን ሕይወትና ሥራ በአጭሩ እንድናገር ጠይቀውኛል። በዐፄ ምኒልክ ዘመን የአውቶሞቢል ሙያ እንዲማሩ ወደ ጀርመን አገር ተላኩ፤ በ1900 ዓ.ም. ገደማም በርሊን ላይ፣ መሰንቋቸውን እየመቱ፣ የገዛ ግጥማቸውን በሸክላ አስቀረጹ። ለመኪና የተላኩት ሰው የአማርኛን ዘፈን ለመጀመሪያ ጊዜ ሸክላ ላይ አኑረው ተመለሱ።

ይህን ንግግር ሳዘጋጅ ስማቸውን ያነሣሁለት አንድ ወጣት ድምፃዊ፣ «የይድነቃቸው ተሰማ አባት?» አለኝ። አዎን፣ በ1954 ዓ.ም. የአፍሪካን ዋንጫ ያስገኙልን የአቶ ይድነቃቸው አባት ናቸው። አባትየው ምን ሠሩ ብዬ ስጠይቀው ግን ዝም አለ። ቆይቼ በየሠርጉ የሚዘፍነውን አንድ የቆየ ግጥም ማን እንደ ደረሰው ጠየቅሁት። «የሕዝብ ነው» አለኝ፣ ያለ አንዳች ማመንታት።

በልጁ አልፈረድሁበትም፤ እኛው ነን ያስተማርነው። በካሴት ዘመን ግጥሜ የተዘፈነበትን ካሴት ገዝቼ ሽፋኑን ባገላብጠው የድምፃዊው፣ የአቀናባሪው፣ የፎቶ አንሺው ስም፣ የሙዚቃ ቤቱ ስልክ ቁጥር ሳይቀር ተጽፏል፤ የእኔ ስም የለም። ሄጄ ብጠይቅ «ጋሼ፣ ቦታ ጠበበን» አሉኝ። ለስልክ ቁጥር የሰፋ ቦታ ለገጣሚ ጠበበ!

ወገኖቼ፣ ሕዝብ ግጥም ይወዳል፣ ይቀባበላል፣ ያሻሽላል፤ ነገር ግን ሕዝብ ሌሊት ቁጭ ብሎ ስንኝ ሲሰርዝ ሲደልዝ አያድርም። ያን የሚያደርገው ስም ያለው አንድ ሰው ነው! ተሰማ እሸቴ ሰሙን ለጨዋታ፣ ወርቁን ለአዋቂ ትተው የሚገጥሙ፣ አንዲት ቃል ከሁለት ትርጉም ጋር እስክትገጥም የሚያመላልሱ ባለ ቅኔ ነበሩ። እንዲህ የተደከመበትን ቃል «የሕዝብ ነው» ብሎ ማለፍ ለሕዝቡ ክብር አይጨምርለትም፤ የደራሲውን እንጀራ ግን ይነሣዋል።

ስለ ሹመታቸውና ከልጅ ኢያሱ ጋር ስለ ነበራቸው ቅርበት ሌሎች ተናጋሪዎች ያወሳሉ። እኔ የምጨምረው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ከመቶ ዓመት በኋላ እነዚያን ሸክላዎች አሰባስቦ «ኢትዮፒክስ» በተባለው የኢትዮጵያ ሙዚቃ አልበሞች ተከታታይ ያሳተመው ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ ነው። እናመሰግነዋለን፤ ማፈር ያለብን ግን እኛ ነን።

አሁን ከሸክላው የተቀዳውን እናሰማችኋለን። መድረክ መሪው ሲያስተዋውቅ «ጥንታዊ የሕዝብ ዘፈን» ብሎ እንዳይጀምር አደራ ብዬዋለሁ፤ ግጥም፣ ተሰማ እሸቴ፤ ድምፅና መሰንቆ፣ ተሰማ እሸቴ።