ድካምን ከውስጥ የሚያደምጥ የመስታወት ክር

[ምስል፦ ኮምቦልቻ አውሮፕላን ማረፊያ፤ ዳሽ 8 ኪው 400 ሲያርፍ]

ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የሚመላለስ ሰው ይህን አውሮፕላን ያውቀዋል። ዛሬ ፕሮፔለሩን ልብ በሉልኝ። ስድስቱም ምላጮች ከኮምፖዚት የተሠሩ ናቸው።

[ምስል፦ ጭድ የገባበት ጭቃ በእግር ሲረገጥ]

ኮምፖዚት ለወሎ ሰው እንግዳ አይደለም። ጭቃ ብቻውን ሲደርቅ ይሰነጠቃል፤ ጭድ ብቻውን አይቆምም። አብረው ሲቦኩ ግን ግድግዳ ይወጣቸዋል። በፋብሪካ የጭዱን ቦታ የካርቦን ወይም የመስታወት ክር፣ የጭቃውን ደግሞ ረዚን፣ ማለትም ሲደርቅ የሚጠነክር ሙጫ፣ ይይዛል።

አሁን ወደ ድካም እንምጣ፤ ጭነት ሲደጋገምበት ቁስ ቀስ በቀስ የሚደርስበት ጉዳት ነው። ሽቦ አጥፋችሁ ዘርጉ፤ ደጋግሙት። አንድ ስንጥቅ ይጀምርና እያደገ ሄዶ ይበጥሰዋል። ኮምፖዚት የሚደክመው በሌላ መንገድ ነው። መጀመሪያ ረዚኑ ውስጥ ብዙ ጥቃቅን ስንጥቆች ይፈጠራሉ፤ ከዚያ ክሩ ከረዚኑ ይላቀቃል፤ በመጨረሻ ንብርብሮቹ እርስ በርስ ይለያያሉ። ይህ ሁሉ ሲሆን ላዩ እንደለሰለሰ ሊቆይ ይችላል። እኔን የሚያሳስበኝም ይኸው ነው፤ በእጅ ቢዳሰስ ጤነኛ ይመስላል።

ስለዚህ ቁሱ ገና ሲሠራ በንብርብሮቹ መሃል ኦፕቲካል ፋይበር ሊቀበር ይችላል፤ ኢንተርኔት የሚያመጣልን ዓይነት የመስታወት ክር።

[ምስል፦ ክሩ በጣት ጫፍ ላይ፣ በጣም ቀርቦ]

ውፍረቱ 125 ማይክሮሜትር ነው፤ የሚሊሜትር አንድ ስምንተኛ። እምብርቱ ላይ በአልትራቫዮሌት ብርሃን እኩል የተራራቁ መስመሮች ይጻፉበታል፤ ብራግ ግሬቲንግ ይባላል። ብርሃን ስንልክበት አንድ የሞገድ ርዝመት ብቻ መርጦ ይመልሳል፤ ብዙ ጊዜ 1550 ናኖሜትር አካባቢ ያለውን። በደሴ ብርድ የምንለብሰውን ባለ መስመር ሹራብ ለጥጡት፤ መስመሮቹ ይራራቃሉ። ክሩም ሲለጠጥ እንዲሁ ነው፤ የሚመለሰው ሞገድ ይረዝማል። አንድ ሜትር በአንድ ማይክሮሜትር ብቻ ቢለጠጥ እንኳ ለውጡ 1.2 ፒኮሜትር (ፒኮሜትር የናኖሜትር አንድ ሺህኛ ነው) ያህል ነው፤ መሣሪያው ያነበዋል።

ድካሙ የሚታወቀው በሁለት ምልክት ነው። በተመሳሳይ ጭነት ሥር መለጠጡ ከጊዜ ወደ ጊዜ ከጨመረ ቁሱ ጥንካሬውን እያጣ ነው። ስንጥቅ ወደ ግሬቲንጉ ከተጠጋ ደግሞ ክሩ በየቦታው እኩል ስለማይለጠጥ፣ የሚመለሰው ብርሃን በመሣሪያው ግራፍ ላይ አንድ የነበረው ጫፉ ይሰፋል፤ አንዳንዴም ለሁለት ይከፈላል። ለእኔ ሁለተኛው ይበልጥ ግሩም ነው፤ ጉዳቱ የት አካባቢ እንዳለ ይጠቁማልና።

ሙቀት ግን ያሳስታል። ደሴ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2500 ሜትር፣ ኮምቦልቻ ወደ 1850 ሜትር ላይ ናቸው። ክሩ የተቀበረበትን የኮምፖዚት ሰሌዳ ደሴ ለክታችሁ ወደ ሞቃቱ ኮምቦልቻ ብትወርዱበት፣ ማንም ሳይነካው ተለጠጥኩ ይላችኋል፤ የሚመለሰው ሞገድ በአንድ ዲግሪ 10 ፒኮሜትር ያህል ይንቀሳቀሳልና። ስለዚህ ጭነት የማይደርስበት ሌላ ግሬቲንግ በላላ ቱቦ ውስጥ አጠገቡ ይቀመጣል፤ እሱ የሚያነበው ሙቀቱን ብቻ ስለሆነ ንባቡ ከዋናው ግሬቲንግ ንባብ ላይ ይቀነሳል።

[ምስል፦ የሰሌዳው ጠርዝ፤ ክሩ የሚወጣበት ቦታ]

አቀባበሩም ጥንቃቄ ይፈልጋል። የካርቦን ክር ውፍረት 7 ማይክሮሜትር ገደማ ስለሆነ የእኛው ክር በመሃላቸው እንደ ግንድ ነው። አግድም ከተኛ ዙሪያው ረዚን ብቻ የሞላበት ኪስ ይፈጠራል፤ ስንጥቅም ከዚያ ሊነሳ ይችላል። ስለዚህ ከካርቦኑ ክሮች ጋር በአንድ አቅጣጫ ይዘረጋል። ከሰሌዳው የሚወጣበት ጠርዝ ላይ ደግሞ ቀጭን ቱቦ ይለብሳል። ሰሌዳው ደርቆ ጠርዙ ሲቆረጥ መጋዙ ክሩን ካገኘው ውስጥ ያለውን አውጥቶ መተካት አይቻልም፤ መውጫው የት እንደሚሆን የሚወሰነው የመጀመሪያው ንብርብር ከመነጠፉ በፊት ነው።