ሥዕልን ሳያቋርጡ መሥራት፦ የማኅበሩ ሰብሳቢ የመክፈቻ ንግግር

የተከበራችሁ የማኅበራችን አባላት፣
ክቡራን እንግዶቻችን፣

እንኳን ለዓመታዊ ጉባኤያችን በሰላም መጣችሁ። የሥራ አስፈጻሚው ሪፖርትና የሒሳብ መግለጫው በየወንበራችሁ ላይ ስለተቀመጠ ቁጥር እየደገምሁ አላሰለቻችሁም። አባላት በተገናኙ ቁጥር የሚነሳውን አንድ ጥያቄ ላንሳ፦ ሥዕል ጀምሮ አለማቋረጥ እንዴት ይቻላል?

ብዙ ጊዜ በተሰጥኦ ወይም በጊዜ ማጣት ይሳበባል። እንደ እኔ እንደ እኔ ግን ሠዓሊን ከሥራው የሚያርቀው ከሁሉ በላይ የመጀመሪያው ጣጣ ነው። ሸራው አልተዘጋጀም፣ ብሩሹ ደርቋል፣ የቀለሙ ክዳን ተጣብቋል፣ ጠረጴዛው ላይ የሌላ ሰው ዕቃ ተከምሯል። አንድ ሰዓት ያገኘ ሰው 40 ደቂቃውን በመሰናዶ ከጨረሰ፣ በሚቀጥለው ጊዜ ያቺን ሰዓት ለሌላ ነገር ቢሰጣት አይፈረድበትም። ስለዚህ ወደ ሥራ ቦታችን ከገባንበት ደቂቃ እስከ መጀመሪያው መስመር ያለው ጊዜ ከ5 ደቂቃ እንዳይበልጥ እናድርግ። ዛሬ የምለው አብዛኛው ነገር ከዚህ የሚነሳ ነው።

ስቱዲዮ የግድ አይደለም። የማይነሳ አንድ ጠረጴዛ ይበቃል። እሱም ከሌለ፣ ፓሌቱን (የቀለም መደባለቂያውን)፣ ብሩሾቹን፣ ጨርቁንና በጅምር ያለውን ሥራ አንድ ላይ ይዞ በአንድ እጅ የሚነሳ ሰፊ ሰሌዳ ይበቃል። ማታ ለሚሠራ ሰው መብራቱ ከቦታው ይበልጥ ወሳኝ ነው። ቢጫ በሚያበራ አምፖል ሥር ሰማያዊ ቀለም ይጠወልጋል። ሠዓሊው ደብዝዟል ብሎ ይጨምርበታል፣ ጠዋት ሲያየው ሥዕሉ ሁሉ ሰማያዊ ሆኖ ይቆየዋል። የብርሃኑ ቀለም ከ4000 እስከ 5000 ኬልቪን የሆነና የቀለም ትክክለኝነት መለኪያው (CRI) ከ90 በላይ የሆነ አምፖል ይህን ችግር ያቃልላል። ያው ብርሃን ሥዕሉንም ፓሌቱንም እኩል ይምታ። ሥዕሉ በብርሃን፣ ፓሌቱ በጥላ ከሆነ የተደባለቀው ቀለም ሸራው ላይ ሲያርፍ ሌላ ቀለም ይሆናል።

ቀጥሎ የምመክረው የመሰናዶ ቀንን ከሥራ ቀን መለየት ነው። የድካም ቀን፣ ራስ የማይሠራበት ቀን ለማንም አይቀርም። ያ ቀን ለመሰናዶ ይሁን። 10 ትንንሽ ሰሌዳዎችን፣ እንበል 15 በ20 ሴንቲ ሜትር፣ በአንድ ጊዜ ማዘጋጀት አንዱን ብቻ ከማዘጋጀት ብዙም አይለይም። ሦስት እጅ ጌሶ (ከቀለሙ በፊት የሚቀባ ነጭ መደብ) ይቀባሉ። ሁለተኛው እጅ የመጀመሪያውን በመስቀል ያልፋል፣ በየመሃሉ እስኪደርቅ ይጠበቃል፣ ከዚያ በ220 ቁጥር የአሸዋ ወረቀት ቀለል አድርጎ ማሸት ነው። የሰሌዳው ጀርባም አንድ እጅ ይቀባ፤ ፊቱ ብቻ የተቀባ ቀጭን ሰሌዳ ይጣመማል። ሸራ ለሚጠቀሙ ደግሞ የዘይት ቀለም ባልተቀባ ጨርቅ ላይ በቀጥታ አይውልም። ዘይቱ ክሩ ውስጥ ገብቶ ውሎ አድሮ ያደርቀውና ያበሰብሰዋል። በጨርቁና በቀለሙ መካከል ማሸጊያና መደብ የሚቀባው ለዚህ ነው። በውሃ ቀለም የሚሠራ ሰው ዕዳው ገብስ ነው፤ በካሬ ሜትር 300 ግራም የሚመዝን የጥጥ ወረቀት በትንሽ መጠን ከሆነ ሳይወጠርም ይሠራበታል። ከ200 ግራም በታች የሆነው ግን ውሃ ሲነካው ይነፋል፣ ቀለሙም በጉድጓዱ ውስጥ ይጠራቀማል።

ቀለም መግዣ ላይ ብዙዎቻችን ቸኩለን እንበተናለን። አንደርስ ዞርን የተባለው ስዊድናዊ ሠዓሊ (1860–1920) ስሙ ከአራት ቀለሞች ጋር ተያይዞ ይነሳል፦ ነጭ፣ ቢጫ ኦከር (አፈር የሚመስል ቢጫ)፣ ቨርሚሊየን ቀይና ጥቁር። ሰማያዊ የለም። ጥቁሩ በነጭ ሲፈዝ ከቀዩና ከኦከሩ አጠገብ ዓይን ሰማያዊ አድርጎ ይቀበለዋል፣ ከኦከር ጋር ሲደባለቅ ደግሞ የበሰለ አረንጓዴ ይወጣዋል። ዛሬ በቨርሚሊየን ፋንታ ካድሚየም ቀይ ይያዛል። በእነዚህ በአራቱ 20 ትንንሽ ሥራ የሠራ ሰው፣ 30 ቲዩብ ከደረደረው ይልቅ ስለ ብርሃንና ጥላ ብዙ ያውቃል። ሰፋ ማድረግ የፈለገ ከየመሠረታዊው ቀለም ሁለት ሁለት ይያዝ፣ አንዱ ሞቅ ያለ፣ አንዱ ቀዝቀዝ ያለ። “አረንጓዴዬ ለምን ጭቃ ሆነብኝ?” የሚለው የዘወትር ጥያቄ መልሱ እዚህ ነው። ወደ ብርቱካናማ የሚያደላ ቢጫ ቀይ በውስጡ አለ፣ ወደ ወይን ጠጅ የሚያደላው አልትራማሪን ሰማያዊም እንዲሁ። ሁለቱ ሲገናኙ ያ ድብቅ ቀይ አረንጓዴውን ይገድለዋል። ብሩህ አረንጓዴ የፈለገ ሁለቱንም ወደ አረንጓዴ ከሚያደሉት ይምረጥ። በሌላ በኩል አልትራማሪንና በርንት አምበር የተባለው ጥቁር ቡናማ ሲደባለቁ ጥልቅ ጥቁር ይወጣቸዋል፣ እንደ መጠናቸውም ሊሞቅ ወይም ሊቀዘቅዝ ይችላል። ይኼ ድብልቅ ካለ ጥቁር ቲዩብ ባይገዛም ይቻላል።

ስትገዙም የቀለሙን ስም ሳይሆን በቲዩቡ ላይ በደቃቅ ፊደል የተጻፈውን የፒግመንት (የቀለሙ ዱቄት) ኮድ አንብቡ። ፒ.ቢ. 29 አልትራማሪን ነው፣ ፒ.ደብሊው. 6 ታይታኒየም ነጭ ነው። ሦስት ኮድ የተደረደረበት ቲዩብ አስቀድሞ የተደባለቀ ስለሆነ እናንተ ስትጨምሩበት ቶሎ ይደፈርሳል። ከስሙ ቀጥሎ “ሂዩ” የሚል ካለበት ደግሞ የዋናው ምትክ ነው፤ መጥፎ ነው ማለት አይደለም፣ ግን ምን እንደገዛችሁ እወቁ። ፒ.አር. 83፣ የጥንቱ አሊዛሪን ክሪምሰን፣ በብርሃን እንደሚለቅ የታወቀ ነው። ቫን ጎግ እ.ኤ.አ. በ1888 በሣለው የመኝታ ክፍሉ ሥዕል ላይ ግድግዳው ዛሬ ሰማያዊ የሚመስለን በውስጡ የነበረው ቀይ ስለለቀቀ ነው፤ በደብዳቤው ላይ ግን ፈዘዝ ያለ ወይን ጠጅ እንደሆነ ጽፏል። ፍተሻው በቤት የሚሠራ ነው። በወረቀት ቁራጭ ላይ እያንዳንዱን ቀለም አንዴ ወፍራም፣ አንዴ ሳሳ አድርጋችሁ ቀቡ፣ ግማሹን ብርሃን በማያሳልፍ ነገር ሸፍናችሁ ፀሐይ በሚመታው መስኮት ላይ ለሦስት ወር ለጥፉት። ሽፋኑ ሲነሳ ልዩነት ካያችሁ ያንን ቀለም ለልምምድ ብቻ አውሉት፤ ለሌላ ሰው የሚሰጥ ሥራ ላይ አይግባ።

አሁን ብዙ ሥራ ወደሚበላሽበት ልግባ። የዘይት ቀለም እንደ ውሃ ተንኖ አይደርቅም። የተልባ ዘይቱ ከአየር ኦክሲጅን እየወሰደ ይጠነክራል። ላዩ በቀናት ውስጥ ሲነካ የደረቀ ይመስላል፣ ውስጡ ግን ለወራት ይቀጥላል። ብዙ ዘይት ያለው ንብርብር ቀስ ብሎ ይደርቃል፣ ሲደርቅም ተጣጣፊ ሆኖ ይቆያል። ጥቂት ዘይት ያለው ፈጥኖ ይጠነክራል። ስለዚህ ሥረኛው ንብርብር በማቅጠኛ የሳሳ፣ እየወጣ ሲሄድ በዘይት የበለጸገ ይሁን። ቅደም ተከተሉ ከተገለበጠ ላዩ ጠንክሮ ሳለ ሥሩ ይንቀሳቀስና ሥዕሉ ይሰነጠቃል። ለዓመታዊ ኤግዚቢሽን ሲባል በመጨረሻው ሳምንት በተርፔንታይን አቅጥኖ ከላይ መደረብ የዚሁ ስሕተት ዋና መንገድ ነው፤ በዓመቱ ይታያል። አክሪሊክን (በውሃ የሚቀጥነውን ፈጥኖ ደራቂ ቀለም) በዘይት ላይ መቀባትም እንዲሁ አያዛልቅም፣ ይላጣል። ዘይትን በደረቀ አክሪሊክ ላይ መቀባት ግን ይቻላል። በመጨረሻ የሚቀባው መከላከያ ሽፋን፣ ቫርኒሹም፣ አይቸኮልበት። ስስ ለሆነው ሥራ ከ6 ወር ጀምሮ፣ ለወፍራሙ ዓመትና ከዚያ በላይ መጠበቅ ነው።

የተልባ ዘይት የነካ ጨርቅም ጉዳዩ ቀላል አይደለም። ዘይቱ ኦክሲጅን ሲወስድ ሙቀት ይለቃል። ጨርቁ ተጨብጦ ቅርጫት ውስጥ ከተጣለ ሙቀቱ መውጫ አጥቶ ማንም እሳት ሳይለኩስ ሊነድ ይችላል። ወይ ከቤት ውጭ በአንድ ንብርብር ዘርግታችሁ አድርቁት፣ ወይ ውሃ በሞላበትና ክዳን ባለው የብረት ቆርቆሮ ውስጥ ክተቱት። ስለዚህ ነገር ሰው “አውቃለሁ” ሲለኝ ቅርጫቱን ባየሁለት ብዬ እመኛለሁ።

ብሩሽ የሚሞተው ከጫፉ ሳይሆን ከሥሩ ነው። ቀለም በብረቱ አንገት ውስጥ ገብቶ ሲደርቅ ጸጉሩ ይበረገዳል፣ ከዚያ ወዲያ አይሰበሰብም። መጀመሪያ በጨርቅ ጠርጉት፣ ቀጥሎ በማቅጠኛ እጠቡት፣ ከዚያ በሳሙናና በለብ ያለ ውሃ መዳፋችሁ ላይ አሹት። አረፋው ነጭ እስኪሆን ድረስ አትተዉት። ጠፍጣፋ ላይ አስተኝታችሁ አድርቁት። ጸጉሩን ወደ ላይ አድርጎ ማቆም ውሃውን ወደ አንገቱ ይመልሰዋል። በአክሪሊክ ለምትሠሩ ይህ ሁሉ በዚያው ሰዓት መሆን አለበት፣ ከደረቀ በውሃ አይለቅም።

ስለ መዝገብ ጥቂት ልበል። ሠዓሊው ፓውል ክሌ እ.ኤ.አ. በ1911 የሥራዎቹን መዝገብ መያዝ ጀምሮ የልጅነት ሥዕሎቹን ሳይቀር እየመዘገበ እስከ ሞተበት ዓመት ድረስ ቀጥሏል፤ ከ9,000 በላይ ሥራዎች ተመዝግበዋል። ለእኛም አንድ ደብተር ይበቃል። ለእያንዳንዱ ሥራ የዓመቱንና የተራ ቁጥሩን፣ ለምሳሌ 2025-014፣ በጀርባው ጻፉ። በደብተሩ ላይ መጠኑ፣ ቁመቱ ቀድሞ ስፋቱ ተከትሎ፣ መደቡ፣ የቀለሞቹ ኮድ፣ የተጀመረበትና ያለቀበት ቀን፣ አሁን ያለበት ቦታ ይመዝገብ። ፎቶውን ቫርኒሽ ከመቀባቱ በፊት አንሱት፣ የሚያብረቀርቅ ገጽ ብርሃን ይመልሳል። ሁለት መብራት ከግራና ከቀኝ በ45 ዲግሪ ይቁሙ፣ የካሜራው ፊት ከሥዕሉ ፊት ጋር ትይዩ ይሁን። ሥራ በተሸጠ ወይም በተሰጠ ጊዜ ይህ ደብተር ብቻ ነው የሚቀርላችሁ።

የሥራ ሕግ ማውጣትን በሚመለከት፣ ጃፓናዊው ሠዓሊ ኦን ካዋራ እ.ኤ.አ. ከጥር 4 ቀን 1966 ጀምሮ የዕለቱን ቀን ብቻ የያዙ ሥዕሎች ይሠራ ነበር፤ እስከ እኩለ ሌሊት ያላለቀው ይወገድ ነበር። ያን ያህል ጥብቅ ሁኑ አልልም። ግን አንድ መጠን፣ አንድ ርእሰ ጉዳይ፣ አንድ የጊዜ ገደብ ወስኖ 20 ሥራ መሥራት፣ እስከ 10ኛው ድረስም አለመመዘን ይጠቅማል። ምን ልሥራ የሚለው ጥያቄ በየቀኑ አይነሳም፣ የመጀመሪያዎቹ አምስት ድክመትም ውሳኔ አይሆንብንም።

ሳምንታት ካለፉ በኋላ መመለስ የሚከብደን አብዛኛውን ጊዜ የተቋረጠውን ትልቅ ሥራ ለመጨረስ ስለምንቀመጥ ነው። እጁ ገና አልፈታም፣ ዓይኑ ግን ያኔ የነበረውን ይፈልጋል። ሥዕሉን ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሩት። ለሦስት ቀን በእርሳስ ብቻ፣ በቀን 10 ደቂቃ፣ ፊት ለፊት ያለን ዕቃ ንደፉ። ከዚያ በኋላ የቆየውን ሥራ በመስታወት አንጸባርቃችሁ እዩት። ዓይን የለመደውን ጉድለት መስታወት ገልብጦ ያሳየዋል። ከዕለቱ ሥራ ስትነሱም የሚቀጥለውን እርምጃ በቁራጭ ወረቀት ጽፋችሁ ከሥዕሉ ጥግ ሰክኩ፤ “የግራውን ጥላ አቀዝቅዝ” የሚል አንድ መስመር ነገ ያንን 5 ደቂቃ ይቆጥብላችኋል።

ከምሳ በኋላ ከሦስት እስከ አምስት ሰው እየሆናችሁ በየጠረጴዛው ሥራችሁን ታቀርባላችሁ። ሠዓሊው መጀመሪያ አንድ ጥያቄ ብቻ ያስቀምጣል፣ ለምሳሌ “ዓይናችሁ መጀመሪያ የት ሄደ?”። ሌሎቹ ለእሱ መልስ እስኪሰጡ ድረስ እሱ አይናገርም። ማብራሪያ ቀድሞ ከወጣ ተመልካቹ ያየውን ትቶ የሰማውን ያያል። የቀለም መፈተሻ ካርዶች ከመዝጋቢዎቹ ጠረጴዛ አጠገብ ተቀምጠዋል፣ ለአንድ አባል ሁለት ሁለት ውሰዱ።

በዚሁ ዓመታዊ ጉባኤያችን በይፋ መከፈቱን አስታውቃለሁ። የሪፖርቱን አቅራቢ ወደ መድረክ እጋብዛለሁ።