ትኩሳቱ ወረደ፤ ታማሚው ግን ተሽሎታል?

ባለፈው የስልክ ፕሮግራማችን ስለ ነርስ ሥራ ስናወራ ብዙ ሰው ደውሎ ነበር። ሰዓቱ ስላጠረ አንዳንዱን በግማሽ ነው የመለስኩት። እዚህ አሟልቼ ልመልስ።

ከሳቢያን የደወለች ነርስ፦ «ሥራ ከጀመርኩ ስምንት ወሬ ነው። የታዘዘውን መድኃኒት በሰዓቱ እሰጣለሁ፣ ቻርቴም (የታማሚው መዝገብ) ንጹሕ ነው። ኃላፊዬ ግን ሁሌ ‹አስቢ እንጂ!› ትለኛለች። ምን እንዳስብ ነው የምትፈልገው?»

እህቴ፣ ጥያቄሽ የራሴን ጀማሪነት አስታወሰኝ። በፈረንጆቹ 2013 ድሬዳዋ ላይ ደንጊ የሚባለው፣ በትንኝ የሚተላለፍ የትኩሳት በሽታ ሲገባ አብዛኞቻችን በሽታውን አይተነው አናውቅም ነበር። ትኩሳት ሲባል ቶሎ የሚታሰበን ወባ ነው። ያኔ አንድ ወጣት እኔ የምሠራበት ክፍል ተኝቶ ነበር። በታመመ በአምስተኛው ቀን ጠዋት ለካሁት። 39 የነበረው ትኩሳት 37 ሆኗል። ደስ አለኝ። ቻርቱ ላይ «ተሽሎታል» ብዬ ጻፍኩ። እናቱ፣ «ሲስተር፣ ሌሊቱን ሙሉ ሆዴን ሆዴን ሲል ነው ያደረው። እጁም ቀዝቅዟል» አሉኝ። ሰምቼ አለፍኩ።

ደንጊ ላይ አደጋው ብዙ ጊዜ የሚመጣው ትኩሳቱ ሲወርድ ነው፤ ከ3ኛው እስከ 7ኛው ቀን ባለው ጊዜ። ፈሳሽ ከደም ሥር እየሰረገ ይወጣል። ኃይለኛ የሆድ ሕመም፣ የማያቋርጥ ትውከት፣ የድድ መድማት፣ መፍዘዝ ወይም መቁነጥነጥ ማስጠንቀቂያዎቹ ናቸው። የላይኛው የደም ግፊት ቁጥር ደህና መስሎ ሊቆይ ይችላል። የላይኛውና የታችኛው ግን ይቀራረባሉ። 100/85 ካየሽ ልዩነቱ 15 ብቻ ነው። 20 እና ከዚያ በታች ከሆነ ታማሚው ሾክ ውስጥ (ደም ለሰውነት በቂ ሆኖ የማይደርስበት አደገኛ ሁኔታ) እየገባ ሊሆን ይችላል። የዚያ ልጅ ግፊትም እንደዚያው ተቀራርቦ ነበር። በእጄ ጽፌዋለሁ፤ ልብ ግን አላልኩትም። ያገኘው ለዙር የመጣው ዶክተር ነው። ልጁ ተርፏል። የእናቱ ድምፅ ግን እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልወጣም።

ኃላፊሽ የምትልሽ ይሄንን ይመስለኛል። ከለካሽ በኋላ ቻርቱን ሳትዘጊ ከትናንቱ ጋር አስተያዪው። የጠበቅሽው ይሄን ነበር? ካልሆነ ለምን? ማታ ላይ ምን ሊገጥመው ይችላል? ትምህርት ቤት የነርሲንግ ፕሮሰስን አምስት ደረጃዎች ሸምድደናል፦ መረጃ መሰብሰብ፣ ችግሩን መለየት፣ ማቀድ፣ መተግበር፣ መገምገም። ሥራ ላይ ግን ብዙዎቻችን አራተኛው ላይ እናቆማለን። ማስታገሻ ሰጥተሽ ከግማሽ ሰዓት በኋላ «ሻል አለዎት?» ብለሽ ከተመለስሽ አምስተኛውን ሠራሽ ማለት ነው።

ከሐረር የደወለ የነርሲንግ ተማሪ፦ «ዶክተር ያዘዘውን መጠየቅ ድፍረት አይሆንብኝም?»

አይሆንብህም ወንድሜ። አጠያየቁን ብቻ እወቅበት። ጄንታማይሲን የሚባለው ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት ታዟል እንበል። የሽንት ከረጢቱን ስታይ ግን ያለው ትንሽ ነው። ጄንታማይሲን ኩላሊት ሊጎዳ ይችላል። ዶክተሩ ሲያዝ ሽንቱ ደህና ነበር ይሆናል፤ አሁን አልጋው አጠገብ ያለኸው አንተ ነህ። «ለምን አዘዝክ?» አትበል። እንዲህ በል፦ «ዶክተር፣ የ7 ቁጥር ታማሚ ከንጋቱ 12 ሰዓት እስከ አሁን 6 ሰዓት የሸናው 60 ሚሊ ሊትር ብቻ ነው። ከትናንት ጀምሮ ተቅማጥ አለው። ኩላሊቱ አስግቶኛል። የዛሬውን ጄንታማይሲን ከመስጠቴ በፊት ያዩልኛል? የኩላሊት የደም ምርመራስ (ክሬአቲኒን) ይሠራለት?»

መጀመሪያ ያየኸው፣ ቀጥሎ የታማሚው ታሪክ፣ ከዚያ ግምትህ፣ መጨረሻ ላይ የምትጠይቀው። ይህ አነጋገር ኤስባር ይባላል፤ ወደ ሆስፒታል የመጣው ከአሜሪካ ባሕር ኃይል ነው። «ዝም ብለህ ስጥ» ተብለህ አሁንም ከሰጋህ፣ ሳትሰጥ ለኃላፊ ነርስ ንገር። የነገርክበትንም ሰዓት ጻፍ።

ከገንደ ቆሬ የደወሉ አስታማሚ፦ «እናቴ ስኳር አለባቸው። ተኝተው ሳለ ላብ አጠመቃቸው። እኛ የድሬ ሙቀት ነው ብለን እናራግባለን። አንዲት ነርስ መጥታ ‹ምሳ በልተዋል?› አለችና ጣታቸውን ወግታ ለካች። እንዴት አወቀች?»

እጇ ይባረክ! ድሬ ላይ ላብ ማንንም አይገርምም። እሷ ግን አጠገባቸው የተኙትን አይታ ይሆናል፤ በዚያው ሙቀት እንደ እርስዎ እናት ያላባቸው የለም። ኢንሱሊን የወሰደ ሰው ካልበላ ስኳሩ ይወርዳል። ያልበዋል፣ ይንቀጠቀጣል፣ ግራ ይጋባል። ከ70 በታች ከሆነ ወርዷል ማለት ነው። ነቅተው መዋጥ ከቻሉ በስኳር የተበጠበጠ ውሃ ይሰጣቸውና ከ15 ደቂቃ በኋላ እንደገና ይለካሉ። ራሳቸውን ከሳቱ ግን በአፍ ምንም አይሰጥም፤ ወዲያው ነርስ ይጥሩ።

አስታማሚዎች፣ ምን እንደተበላና ምን እንደቀረ ንገሩን። የተቃመ ጫትም ካለ አትደብቁ፤ የልብ ምትንና የደም ግፊትን ከፍ ያደርጋል። የምንጠይቀው ልንፈርድ አይደለም።

ሰፈሯን ያልነገረችን ነርስ፦ «ማታ ለ20 ታማሚ ብቻዬን ነኝ። የማስቢያ ጊዜ ከየት ላምጣ?»

እውነትሽን ነው። የሰው እጥረቱ ያንቺ ጥፋት አይደለም፤ «አስቢ» በማለትም አይፈታም። አንድ ነገር ብቻ ልለምንሽ፦ ትንፋሽ ቁጠሪ። ቻርቶቻችንን ብትገልጪ ትንፋሽ 20፣ አሁንም 20፣ ነገም 20 ነው። ሰው ሁሉ እኩል ስለሚተነፍስ አይደለም፤ ስላልተቆጠረ ነው። የታማሚ ሁኔታ ሲከፋ ደግሞ ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚለወጠው ትንፋሹ ነው። የሁሉንም ሙሉ ደቂቃ መቁጠር ካልቻልሽ የሦስቱን ጠና ያለባቸውን ቁጠሪ።

እነሱን ለማወቅ ደግሞ ርክክብ ላይ ወጪዋን ነርስ፣ ገና ቦርሳዋን ሳታነሳ፣ «ዛሬ ማታ የትኛው ነው የሚያሰጋሽ?» በያት። የነገረችሽ አልጋ ጋ ሄደሽ ሰዓትሽን አውጪና መቁጠር ጀምሪ።