ዜማው የጠፋበት ወፍ

የተከበራችሁ እናቶችና አባቶች፣ ወንድሞችና እህቶች፤ እንደምን ዋላችሁ!

ልጆቻችን ከአማርኛ ክፍል እስኪወጡ ድረስ ጥቂት ደቂቃ ስለሰጣችሁኝ አመሰግናለሁ። የማወራችሁ ስለ አንዲት ወፍ ነው።

ስሟ ሪጀንት ሃኒኢተር ይባላል። ጥቁርና ቢጫ ናት። ዋና ምግቧ የአበባ ወለላ ነው። ድሮ እዚህ አውስትራሊያ ውስጥ ከኩዊንስላንድ እስከ አዴላይድ በመቶዎች እየሆነች ትበር ነበር። ዛሬ በዱር የቀሩት ጥቂት መቶዎች ብቻ ናቸው። ምክንያቱ የታወቀ ነው። የምትኖርበት ደን ለእርሻና ለግጦሽ ተመነጠረ። ደኑ ሲሳሳ ደግሞ ኖይዚ ማይነር የሚባል የዚሁ አገር ወፍ በረታ። በመንጋ ሆኖ ሌሎቹን ከአበባው ያባርራል።

አንጀቴን የበላው ግን ሌላ ነገር ነው። ወንዱ ጫጩት ዜማውን የሚማረው ትልልቆቹን ወንዶች እየሰማ ነው። አሁን ቁጥራቸው ስለተመናመነ የሚሰማው ትልቅ አጣ። እ.ኤ.አ. በ2021 የታተመ ጥናት እንዳሳየው፣ ከ100 ወንዶች 12ቱ ያህሉ የራሳቸውን ዜማ ጨርሶ አያውቁትም። የሌላ ወፍ ዜማ ነው የሚያዜሙት። እንዲህ ያለው ወንድ ሴት የማግኘት ዕድሉ ያንሳል። ቅዳሜ ቅዳሜ ልጆቻችንን ይዘን እዚህ የምንመጣ ሰዎች ይህ ይገባናል።

እዚሁ ሲድኒ፣ ታሮንጋ መካነ እንስሳት ውስጥ ወፏን ያራቧታል። ለጫጩቶቹም ዜማቸውን ያስተምሯቸዋል፤ በተቀዳ ድምፅም፣ ከዱር በመጡ ወንዶችም። ታዲያ ሲለቀቁ የት ይግቡ? ዛፍ ያስፈልጋቸዋል።

የዛፉን ነገር የኬፐርቲ ሸለቆ ሰዎች ይዘውታል። ከዚህ በመኪና ሦስት ሰዓት ያህል ነው። ከእ.ኤ.አ. 1990ዎቹ ጀምሮ ገበሬዎቹ ከመሬታቸው ቆርሰው ይሰጣሉ፤ በግና ከብት እንዳይገባ ያጥራሉ። ከከተማ የሚሄዱ በጎ ፈቃደኞች ደግሞ ይተክላሉ። ራሱ መተዳደሪያው ከሆነ መሬት ላይ ለወፍ ቆርሶ መስጠት ቀላል ነገር አይደለም። እኔ ለነዚህ ገበሬዎች ትልቅ አክብሮት አለኝ።

ባለፈው ዓመት እኔም ሄጄ ነበር። ችግኟ ከመሃል ጣቴ ብዙም አትረዝምም። ተንበርክኬ አፈሩን በእጄ ጠቀጠቅኩ። ውሃ አጠጣሁ። ጥንቸልና ካንጋሮ እንዳይበላት ዙሪያዋን ፕላስቲክ አልብሼ በእንጨት ወጠርኩት። ቀና ስል ሜዳው ሙሉ እንዲህ የለበሱ ችግኞች ናቸው። ከአጥሩ ወዲያ ደግሞ ቀደም ብለው የተተከሉት ከሰው በላይ ሆነዋል።

የተከልኩት ምን መሰላችሁ? ባህር ዛፍ! በምኒልክ ዘመን ከዚህ አገር ወደ አዲስ አበባ የገባው ዛፍ ዘመድ ነው። እኛ ባህር ዛፍ ሲባል ትዝ የሚለን አጠናና ማገዶ ነው፤ ሲያመን ደግሞ ቅጠሉን እንታጠናለን። ለዚህች ወፍ ግን አበባው እንጀራዋ ነው። እውነት ለመናገር፣ አበባውን አስተውዬ ያየሁት እዚያ ሸለቆ ውስጥ ነው።

ስለዚህ ልመናዬ ይህ ነው። በሚቀጥለው የተከላ ወቅት አንድ ሚኒባስ ሞልተን እንሂድ። ልጆቹንም እንውሰዳቸው፤ ጉድጓድ መሙላት ይወዳሉ። ወፍራም ጫማና ኮፍያ ያዙ። ጠዋት በጣም ስለሚበርድ ጋቢ ያለው ጋቢ ይዞ ይምጣ። ዳቦውንና ሻዩን ለእኔ ተዉት። የስም መመዝገቢያው ደብተር በሩ አጠገብ ካለው ጠረጴዛ ላይ ነው።