የማታውቀውን አትቀቧት

ለውበት ሙያ ተመራቂዎች የተዘጋጀ ንግግር

ክቡራን እንግዶች፣ የተከበራችሁ አሠልጣኞች፣ ወላጆች፣ ከሁሉም በላይ የዛሬው ቀን ባለቤቶች የሆናችሁ ተመራቂዎች፤ እንኳን ለዚህ ቀን አበቃችሁ።

ስለ መዋቢያ ምርቶች እንድናገር ስጋበዝ ብዙዎቻችሁ የጠበቃችሁት ስለ ቆዳ ማንጫ ክሬሞች ጉዳት ሳይሆን አይቀርም። እሱን አሠልጣኞቻችሁ በሚገባ አስተምረዋችኋል። እኔ ፋርማሲስት ነኝ፤ ዛሬ የመጣሁት እምብዛም ስለማይነገር ሌላ ጉዳይ ልነግራችሁ ነው። በየዕለቱ በእጃችሁ የምትይዙት ቅባት፣ ቀለም፣ ሽቶና ፀጉር ከምን እንደሚገኝ፣ በተለይም ከእንስሳትና አልፎ አልፎ ከሰው አካል ስለሚወሰደው።

የአገራችን ሰው ስለሚበላው ነገር ምንጭ ለመጠየቅ አያፍርም። ሥጋውን ማን እንዳረደው ሳያረጋግጥ የማይጎርስ ክርስቲያንም ሙስሊምም በየቤታችን አለ። ኬክ ሲቀርብ «የጾም ነው የፍስክ?» ማለት ነውር አይደለም፤ ሻጩም ሳይቆጣ ይመልሳል። ይኸው ሰው የውበት ሳሎን ወንበር ላይ ሲቀመጥ ግን ጥያቄው አብሮት አይቀመጥም። ከንፈር ላይ የተቀባ ነገር ቀስ በቀስ ወደ አፍ እንደሚገባ ሁላችንም እናውቃለን። በዐቢይ ጾም ቡናዋ ውስጥ ወተት የማትጨምር ሴት፣ በዚያው ጾም የምትቀባው ቀይ ሊፕስቲክ ቀለሙ ከተፈጨ ተባይ የተገኘ ሊሆን ይችላል። ለሃይማኖቷ ችግር ነው ወይስ አይደለም የሚለውን የምትወስነው እሷ ናት፤ ከፈለገችም የንስሐ አባቷን ትጠይቃለች። ሳታውቅ ግን ልትወስን አትችልም። ልትነግሯት የምትችሉት ደግሞ እናንተ ናችሁ።

ቀለሙ ካርሚን ይባላል። የሚገኘው ኮቺኒያል ከተባለ፣ የበለስ ቁልቋል ላይ ተጣብቆ ጭማቂውን እየመጠጠ ከሚኖር ጥቃቅን ተባይ ነው። ተባዩን ከላይ ስታዩት ነጭ ጥጥ የመሰለ ነገር ብቻ ይታያችኋል፤ በጣት ሲጨፈለቅ ግን ደማቅ ቀይ ይወጣዋል። ያ ቀይ አሲድ ተባዩ ራሱን ከጉንዳንና ከሌሎች ጠላቶቹ የሚከላከልበት ነው። ሴቶቹ ከቁልቋሉ ተለቅመው ይገደላሉ፣ ይደርቃሉ፣ ይፈጫሉ። አንድ ፓውንድ፣ ማለትም ግማሽ ኪሎ እንኳ የማይሞላ ቀለም ለማግኘት ወደ 70,000 የሚጠጋ ተባይ ያስፈልጋል። ትልቋ አምራች ፔሩ ናት።

እኛም አገር ይህ ተባይ ታሪክ አለው፤ የሚያሳዝን ታሪክ። እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ ለዚሁ ቀይ ቀለም ምርት ተብሎ ወደ ትግራይ ገባ። የታሰበው በለስ ከሞላበት ምድር ለውጭ ገበያ የሚሆን ቀለም ለማምረት ነበር። ተባዩ ግን ከታሰበለት ቦታ ወጥቶ ተስፋፋ፤ በደቡብ ትግራይ ሰፊ የበለስ መሬት አደረቀ። በለስ እዚያ የመንገድ ዳር ፍራፍሬ ብቻ አይደለም። በክረምት ጎተራው ሲራቆት ቤተሰብ የሚጦርበት፣ በድርቅ ጊዜም ለከብት መኖ የሚሆን ነው። እንግዲህ የከንፈር ቀለም ከገበሬ ጓሮ ምን ያገናኘዋል የሚል ካለ፣ እንዲህ ያገናኘዋል።

ካርሚን በመዋቢያ ማሸጊያ ላይ ብዙ ጊዜ «ሲ አይ 75470» ተብሎ ይጻፋል፤ በምግብ ላይ ደግሞ «ኢ 120»። በእርጎ፣ በከረሜላና በጭማቂም ይገባል። ስታርባክስ የተባለው የቡና ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2012 ከእንጆሪ መጠጡ ውስጥ እንዲያወጣው የተገደደው ሥጋና እንስሳ ነክ ነገር የማይመገቡ ደንበኞቹ ስለተቆጡ ነበር። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደርም ከእ.ኤ.አ. ጥር 2011 ጀምሮ በምግብና በመዋቢያ ላይ በስሙ እንዲጻፍ አስገድዷል። ምክንያቱ ጾም ወይም እምነት አልነበረም። በአንዳንድ ሰዎች ላይ እስከ ትንፋሽ ማጠር የሚያደርስ ከባድ አለርጂ ስለሚያስነሣ ነው። ከቀይ ቀለም በኋላ ከንፈሯ የሚያብጥ ደንበኛ ብትገጥማችሁ ይህን ስም አስታውሱ።

አንድ ነገር ግን በግልጽ ልናገር። ከእንስሳ መገኘቱ ብቻውን ነውር አይደለም። እናቶቻችን ለጋ ቅቤ አናታቸው ላይ አድርገው፣ ፀጉራቸውን ሹሩባ ተሠርተው ነው ያማረባቸው። ላኖሊን ከተሸለተ የበግ ፀጉር ታጥቦ የሚወጣ ቅባት ነው፤ ለሚያጠቡና የጡት ጫፋቸው ለተሰነጠቀ እናቶች እኔ ራሴ አለምንም ስጋት እሰጠዋለሁ። ከረሜላና የመድኃኒት እንክብል የሚያብለጨልጨው ሼላክም በሕንድና በአካባቢዋ ዛፎች ላይ የሚኖር ተባይ የሚያመነጨው ሙጫ ነው። «ሶዲየም ታሎዌት» የሚል ሳሙና ደግሞ ከሞራ የተሠራ ነው፤ ሞራ ያጸዳል፣ አይመርዝም። ስለዚህ ሳሎናችሁን የወሬ መናኸሪያ አድርጋችሁ ደንበኛ አታስደንግጡ። እኔን የሚያስከፋኝ ሌላ ነው። ቅቤ የምትቀባ ሴት ቅቤ መሆኑን ታውቃለች። የእንግሊዝ ባንክ እ.ኤ.አ. በ2016 ያወጣው አዲሱ የ5 ፓውንድ ኖት ውስጥ ጥቂት ሞራ እንዳለ ሲሰማ ከ100,000 በላይ ሰው ተቃውሞውን በፊርማ የገለጸው በሞራው መጠን ተቆጥቶ አይደለም፤ መጠኑ እጅግ ትንሽ ነበር። ቀድሞ የነገረው ሰው አልነበረም።

ወደ ሽቶ ስንመጣ ጉዳዩ ወደ ራሳችን ደጅ ይገባል።

ዝባድ ከጥርኝ የሚገኝ ቅባት ነው። ቀርቦ ሲሸተት ይከረፋል፤ በጣም ሲቀጥን ግን ለሽቶ ሙቀት ይሰጠዋል፣ ቆዳ ላይም ያቆየዋል። በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ የነበረው የእናርያ መንግሥት ዝባድ ከወርቅና ከዝሆን ጥርስ ጋር በነጋዴ ቅፍለት ወደ ጎንደርና ወደ ምፅዋ ይጓዝ ነበር። በዘመናችንም የዓለም ሽቶ ፋብሪካዎች የተጠቀሙበት የተፈጥሮ ዝባድ በአብዛኛው ከኢትዮጵያ የሄደ ነው፤ ዋናዋ ገዢ ፈረንሳይ ነበረች። ዝባዱ የሚጓዘው በከብት ቀንድ ተሞልቶ፣ አፉ በቆዳ ተለጉሞ ነው።

ቀንዱ እንዴት እንደሚሞላ ልንገራችሁ። ወንድ ጥርኝ ከጫካ ይጠመዳል። በእንጨት ዘንጎች በተሠራ ረጅምና ጠባብ ሣጥን ውስጥ ይገባል፤ የሚጠበው ዞሮ እንዳይናከስ ነው። ሣጥኖቹ እሳት በሚነድበትና ጭስ በሞላው ጨለማ ቤት ውስጥ ይደረደራሉ፤ ሙቀቱ ዝባዱን ያበዛዋል ተብሎ ስለሚታመን። ከዘጠኝ እስከ አሥራ ሁለት ቀን ባለው ጊዜ አንድ ጊዜ ሰዎች ጅራቱንና የኋላ እግሮቹን በዘንጎቹ መካከል ስበው ይይዛሉ፤ አንዱ ከጅራቱ ሥር ያለውን ከረጢት ገልብጦ ዝባዱን በማንኪያ ይጭራል። ስስ ቆዳ ነው፤ ይቆስላል። ጥርኝ ብቻውን የሚኖር፣ ሌሊት ሌሊት ጫካውን ሲያስስ የሚያድር አውሬ ነው። እዚያ ሣጥን ውስጥ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ከመራመድ በቀር የሚያደርገው ነገር የለም። ሲሞት ሌላ ይጠመዳል።

ገበሬውን አልኮንንም። ከአባቱ የወረሰው ሙያ ነው፤ የሽቶው ትርፍም እሱ ዘንድ አልቀረም። የሚያንገበግበኝ የዚህ ሁሉ ሥቃይ አስፈላጊነት ካበቃ ብዙ ዘመን ማለፉ ነው። ሊዮፖልድ ሩዚችካ የተባሉት ኬሚስት የዝባድን ዋና ሽታ ሰጪ ሞለኪውል አወቃቀር እ.ኤ.አ. በ1926 ገልጸዋል፤ በ1939ም የኖቤል ሽልማት ተቀብለዋል። ዛሬ ያው ሽታ በቤተ ሙከራ ይሠራል። የእንስሳት መብት ተሟጋቾች እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጨረሻ የጥርኞቹን ሁኔታ ለዓለም ካሳዩ በኋላ ታላላቅ የሽቶ ቤቶች ወደ ሰው ሠራሹ ዞረዋል፤ ሻኔል ከእ.ኤ.አ. 1998 ጀምሮ የተፈጥሮውን እንደተወ አስታውቋል። ነገር ግን ማንኛውንም የሽቶ ጠርሙስ ገልብጣችሁ ብታነቡ የምታገኙት «ፓርፈም» የሚል አንድ ቃል ነው። ዝባድ ይሁን፣ ከአጋዘን የሚወሰደው ምስክ የተባለ ሽታ ይሁን፣ ከቤተ ሙከራ የወጣ ይሁን ከዚያ ቃል አይታወቅም።

የሻርክ ጉበት ዘይትም እንዲሁ ነው። «ስኳሌን» የሚል ክሬም ዘይቱ ከወይራ ወይም ከሸንኮራ አገዳ ሊሆን ይችላል፣ ከባሕር አውሬም ሊሆን ይችላል። ሎሬያልና ዩኒሊቨር የተባሉት የመዋቢያ ኩባንያዎች እ.ኤ.አ. በ2008 የሻርኩን እንደሚተዉ ቃል ገብተዋል፤ ሌላ ክሬም የሚያመጣ አስመጪ ግን ካልተጠየቀ አይናገርም።

ስለ አህያም ትንሽ ልበል። በቻይና «ኤጃኦ» የሚባል፣ ለደምና ለቆዳ ውበት ይጠቅማል ተብሎ የሚሸጥ ሙጫ አለ፤ የሚሠራው የአህያ ቆዳ ተቀቅሎ ነው። ቢሾፍቱ ላይ እ.ኤ.አ. በ2017 የአህያ ቄራ ተከፍቶ በሕዝብ ቁጣ እንደተዘጋ ታስታውሳላችሁ። ያኔ ብዙ ሰው የተቆጣው ሥጋው ሆቴል ይገባብናል ብሎ ነበር፤ ገዢው በዋናነት ይፈልግ የነበረው ግን ቆዳውን ነው። የአፍሪካ መሪዎች እ.ኤ.አ. በየካቲት 2024 እዚሁ አዲስ አበባ ላይ አህያን ለቆዳው ማረድን ለ15 ዓመት ለማገድ ተስማምተዋል። ውኃ በጀርባዋ የምታመጣን እንስሳ የውበት እንክብል ማድረግ እኔ በበኩሌ ልቤ አይቀበለውም።

አሁን ወደ ሰው። ሁላችሁም «ሂውማን ሄር» ትሰፋላችሁ፤ በጥሩ ዋጋም ይሸጣል። የማን ፀጉር ነው? ከፊሉ በደቡብ ሕንድ ከቲሩማላ የሂንዱ ቤተ መቅደስ የሚወጣ ነው። ምእመናን ስእለታቸው ሲሰምር ራሳቸውን ተላጭተው ፀጉሩን ለአምላካቸው ይሰጣሉ፤ ቤተ መቅደሱ በጨረታ ይሸጠዋል። እ.ኤ.አ. በ2004 በእስራኤል የአይሁድ ሃይማኖት መምህሩ ረቢ ዮሴፍ ሻሎም ኤልያሺቭ ይህ ፀጉር ለሌላ አምልኮ የቀረበ ስለሆነ ባለትዳር አይሁዳውያት ፀጉራቸውን የሚሸፍኑበትን ከእሱ የተሠራ ዊግ ማድረግ አይፈቀድም ብለው ሲወስኑ በእስራኤሏ ብኔ ብራክ ከተማና በኒው ዮርክ ብሩክሊን ውድ ውድ ዊጎች በአደባባይ ተቃጠሉ። ሌላው ፀጉር ደግሞ ድህነት ካስገደዳት ሴት ራስ የተቆረጠ፣ ወይም ከማበጠሪያ ላይ የተለቀመ ነው። ለእናንተ ይህ ምንም ላይሆን ይችላል። ማተብ ላሰረች ደንበኛችሁ ወይም ለሙስሊሟ እህታችሁ ግን ትልቅ ነገር ሊሆን ይችላል፤ ሙስሊሞች የሌላ ሰው ፀጉር መቀጠልን በሚመለከት የራሳቸው ሕግ እንዳላቸውም አትርሱ።

የእንግዴ ልጅስ? ለፀጉር ማደሻና ለፊት ክሬም «ፕላሴንታ» የሚል ጽሑፍ ስታዩ እሱ ነው፤ ዛሬ አብዛኛው ከበግ፣ ከላም ወይም ከአሳማ ነው። እዚህ ላይ ከመጸየፍ የሚበልጥ ምክንያት አለኝ። እ.ኤ.አ. በ1998 በአሜሪካ አንድ ሐኪም ያሳተሙት ጽሑፍ አለ። ኤስትሮጅን የተባለው የሴት ሆርሞን ወይም ፕላሴንታ ያለበት የፀጉር ምርት የተጠቀሙ አራት ትንንሽ ጥቁር ልጃገረዶች ገና በሕፃንነታቸው የጉርምስና ምልክት አሳይተው፣ ምርቱ ሲቆም ምልክቱ እንደቀነሰ ይገልጻል። አራት ልጆች ለማረጋገጫ አይበቁም። ለእኔ ግን የሕፃን ልጅ ፀጉር ላይ ይህን ነገር እንዳታደርጉ ለመናገር በቂ ነው። እናትየው ጨምሩበት ብትል እንኳ እምቢ በሉ።

ለፊት መሸብሸብ ተብለው በውድ የሚሸጡ አንዳንድ የአሜሪካ ክሬሞች ውስጥ ያለው «የእድገት ንጥረ ነገር» ደግሞ ከተገረዘ ጨቅላ ሸለፈት ተወስዶ በቤተ ሙከራ ከተራባ ሕዋስ የሚመነጭ ነው። ለእያንዳንዱ ጠርሙስ አዲስ ሕፃን አይገረዝም፤ እንዲህ የሚል ወሬ ብትሰሙ አርሙት። ቢሆንም የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2009 ባወጣው የመዋቢያ ደንቡ ከሰው የተገኘ ሕዋስ፣ ሥጋና ተዋጽኦ በመዋቢያ ውስጥ እንዳይገባ ከልክሏል። ለምግብም ቢሆን የፋብሪካ ዳቦ ሊጥ ለማለስለስ የሚጨመረው ኤል-ሲስቴይን ከዳክዬ ላባ ሲሠራ ሲፈቅድ፣ ከሰው ፀጉር እንዳይሠራ አግዷል። ለእነሱ ዜጎች የተከለከለ ነገር ለእኛ ገበያ ሲመጣ ቢያንስ ስሙ ሊነገረን ይገባል።

በዚህ አዳራሽ አስመጪዎችም እንዳላችሁ አውቃለሁ። ከአምራቹ የምንጭ ማረጋገጫ ደብዳቤ መጠየቅ አዲስ ነገር አይደለም፤ ወደ ገልፍ አገሮች የሚልኩ ኩባንያዎች የሐላል ወረቀት በየጊዜው ያዘጋጃሉ። ለእኛም እንዲያዘጋጁ ጠይቁልን፤ በአማርኛና በሌሎች ቋንቋዎቻችንም ማሸጊያው ላይ ለጥፉልን።

እናንተ ተመራቂዎች ደግሞ የነገርኳችሁን ስሞች የያዘ ወረቀት መውጫው በር አጠገብ ባለው ጠረጴዛ ላይ ታገኛላችሁ። በአማርኛ ነው፤ ከእያንዳንዱ ስም ትይዩ ምንጩ ተጽፏል። ሊታወቅ የማይችለውም «አስመጪውን ጠይቁ» የሚል ምልክት አለው። በመስታወታችሁ ጥግ ለጥፉትና ደንበኛም ታንብበው። አዲስ ምርት ሲገባላችሁ ስሙን እዚያው ላይ ጨምሩ፤ የማታውቁት ስም ከገጠማችሁ ማሸጊያውን በአቅራቢያችሁ ወዳለ ፋርማሲስት ይዛችሁ ሂዱ።

አመሰግናለሁ።